የት እንነሳ? ግድግዳ፣ ዛፍ፣ ጎዳና ወይስ ሐይቅ፦ ለሞዴል ፎቶ የውጪ ባክግራውንድ አመራረጥ

ከሞዴል ጋር ቀጠሮ ስይዝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥያቄ «የት እንነሳ?» የሚል ነው። ስለ ልብስም ስለ ሜካፕም ገና አላወራንም። መልስ ሳልሰጥ ሁለተኛው መልእክት ይከተላል፤ ከኢንስታግራም የተወሰደ የሌላ ሰው ፎቶ፣ ከሥሩ «እንደዚህ ይሁንልኝ» የሚል ጽሑፍ።

ቦታው ብዙ ጊዜ እንጦጦ ነው። ካልሆነም ፒያሳ፣ ወይም ከአዳዲሶቹ ፓርኮች አንዱ። ቦታው ምንም አይወጣለትም። ግን ፎቶው የተነሳው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ለእኔዋ ሞዴል የሚመቻት ከምሳ በኋላ ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ጥቁር ለብሳለች፤ እሷ ደግሞ ነጭ ሐበሻ ቀሚስ አሰፍታለች። ሄደን ስንነሳ ቦታው ያው ሆኖ ፎቶው ሌላ ይወጣል። ከዚያ «ካሜራው ነው» ወይም «አንተ ነህ» ይባላል።

ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ሞዴል ይዞ ለሚወጣ ሰው ያሉንን አማራጮች ላነጻጽር። በካሜራም አንሱ በስልክ፣ ነገሩ አንድ ነው። አዳልቼ እንደምጽፍ ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። እኔ የግድግዳ ሰው ነኝ።

ከቦታው በፊት ጥላው

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከፍታዋም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ አየሩም ስስ ስለሆነ ብርሃኗ ስለት አለው። ዓይን ጉድጓድ ይመስላል። የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ይወድቃል። ግንባር ቅባት የተቀባ ያህል ያብለጨልጫል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ድረስ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው፣ ከኋላው ምን ቢኖር ፊቱ አያምርም።

ስለዚህ ቦታ ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «በዚያ ሰዓት እዚያ ጥላ አለ?» ብዬ ነው። የዛፍ ሥር ብጥስጣሽ ጥላ ማለቴ አይደለም። ፀሐይ በቀጥታ የማታገኘው፣ ከፊት ለፊት ግን ሰፊ ሰማይ የሚታይበት ሙሉ ጥላ ነው። የሕንፃ ጥላ፣ የበረንዳ ጥላ፣ የትልቅ በር ጥላ። እዚያ የቆመ ፊት ይለሰልሳል። ዓይን ውስጥም የሰማዩ ብርሃን ጠብ ይላል፤ ፎቶው ነፍስ የሚዘራው በዚያች ነጥብ ነው።

ይህ ጥላ ደግሞ ከወቅት ወቅት ቦታ ይቀይራል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በዚህ ጊዜ ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ወደ ደቡብ የዞረው ግድግዳ ጥላ ይሆናል። በጥር ያያችሁትን ቆንጆ የጥላ ግድግዳ በግንቦት ተመልሳችሁ ስትሄዱበት ፀሐይ ሲግጠው የምታገኙት ለዚህ ነው። አቅጣጫ ከጠፋባችሁ እንጦጦን ፈልጉ። እንጦጦ ሰሜን ነው።

ጠዋትና ማታ ሌላ ሕግ አለ። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ጥላ መፈለግ አያስፈልግም። ግን ፍጠኑ። እኛ ጋ ፀሐይ በአግድም አትንፏቀቅም፤ ቁልቁል ትወርዳለች። ስቶክሆልም ያለ ጓደኛችሁ «ወርቃማው ብርሃን ሰዓት ሙሉ ቆየልኝ» ቢላችሁ አይዋሽም። እኛ ግን ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው ያለን። ጫማ እስክትቀይር ሊያልቅ ይችላል።

ግድግዳና ቆርቆሮ

አንድ ጊዜ ከአንዲት ሞዴል ጋር ግማሽ ቀን ሙሉ ፓርክ ውስጥ ዋልን። ፏፏቴ፣ ድልድይ፣ የአበባ ቅስት፣ የቀረን የለም። ማታ መኪና እየጠበቅን ከአንድ ዝገት ከበላው የቆርቆሮ አጥር ፊት አምስት ፎቶ አነሳኋት። ፕሮፋይሏ ላይ ያወጣችው ከእነዚያ አምስቱ አንዱን ነው። ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ልክ ነበረች። ፓርኩ ውስጥ ዓይናችን ፏፏቴው ላይ ነው የሚሄደው። ቆርቆሮው ፊት ግን ከእሷ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

የግድግዳ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ አይወዳደርም። ፊት ላይ ለሚያተኩር ፎቶ፣ ለኤጀንሲ ለሚላክ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ፊት ለምትቆም ልጅ፣ ከግድግዳ የሚሻል የለም። ጀማሪ ሞዴል ሰፊ ሜዳ ላይ እጇን የት እንደምታደርገው ይጠፋታል። ግድግዳ ካለ ትደገፋለች፣ ትከሻዋን ታስጠጋለች፣ እግሯን ታነሳለች። ግድግዳው ግማሹን ፖዝ ይሰጣታል።

ጉዳቱ ደግሞ ጠፍጣፋነቱ ነው። ሞዴሏ ተለጥፋበት፣ ካሜራው ፊት ለፊት ቆሞ፣ በዚያ ላይ ፍላሽ ከተተኮሰ ውጤቱ የጉርድ ፎቶ ነው። ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው እሷን ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ወደፊት ማምጣት ነው። ሁለተኛው ካሜራውን ወደ ጎን ወስዶ ግድግዳውን በሰያፍ ማየት ነው። በሰያፍ ሲታይ ግድግዳው እየራቀ ይሄዳል፤ ፎቶው ጥልቀት ያገኛል። ብዙ ጊዜ የምሠራው ሁለተኛውን ነው።

ከግድግዳ ግድግዳ ግን ይለያያል። ቆርቆሮ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሽንሽኑ ቀጥ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚሰጥ ረዥም ቀሚስ የለበሰችን ልጅ ይበልጥ ያስረዝማታል። አዲስ ቆርቆሮ ግን ያንጸባርቃል፤ አትጠጉት። ቀለሙ የለቀቀ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ፣ ወይም ዝገት የበላው ይሻላል። ዝገት ከጥቁር ቆዳ ጃኬት ጋር ሲገጥም እንዴት እንደሚያምር ለማመን ማየት ነው። ዝገት ከቡናማ ልብስ ጋር ግን አይሆንም። ልጅቷ ቆርቆሮው ውስጥ ትሰምጣለች።

ግራጫ ግድግዳን ሰው ይንቀዋል። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በዋና ዋና መንገዶች ዳር ብዙ ሕንፃ ግራጫ ሆኗል፤ «ከተማው ደበዘዘ» ብሎ የሚያማርር አለ። እንደ ነዋሪ ይሁን ልበል። እንደ ፎቶ አንሺ ግን ደስ ብሎኛል። የእኛ ቆዳ፣ ጠይምም ይሁን ቀይ ዳማ፣ ውስጡ ሙቀት አለው። ግራጫ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ፊቷ ከኋላዋ ካለው ተላቆ ወደ እናንተ ይመጣል። ቢጫ ቀሚስ፣ ቀይ ከንፈር፣ ደማቅ ጥለት፣ ሁሉም ግራጫ ላይ ይናገራል።

የድንጋይ ግድግዳ ሁለት ዓይነት ነው የማውቀው። ጥቁር ድንጋዩ የድሮ ግቢ አጥር ላይ የምታዩት ነው፤ ለነጭ ሐበሻ ቀሚስ ከእሱ የሚበልጥ የለም። የአምቦ ድንጋይ ደግሞ ቢጫና ቡናማ ሆኖ በራሱ ብዙ ጌጥ አለው። ጥለት ካለው ልብስ ጋር ይጣላል። ቀለል ባለ ባለ አንድ ቀለም ልብስ ካልሆነ አልነካውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ግድግዳ ቀለሙን ይረጫል። ከደማቅ ቀይ ግድግዳ አጠገብ የቆመች ልጅ ጉንጯ ቀይ ይሆናል፤ ኤዲት ሲደረግ እንኳ በቀላሉ አይለቅም። ነጭ ግድግዳ ግን ስጦታ ነው። ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ግድግዳ ካገኛችሁ እሱን ባክግራውንድ አታድርጉት። ከጀርባችሁ አድርጉት። እሷ ጥላው ውስጥ ትቁም፣ ግድግዳው ብርሃኑን ፊቷ ላይ ይመልስላችኋል። በነፃ የተገኘ ትልቅ ሪፍሌክተር ማለት ነው።

ባሕር ዛፍና ሌላው አረንጓዴ

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ባሕር ዛፍ መሀል ያልተነሳ ሰው ያለ አይመስለኝም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ለማገዶ የተተከለው ዛፍ የሙሽራና የሞዴል ባክግራውንድ ሆኖ አረፈው።

ለፎቶ የሚመችበት ምክንያት አለ። ግንዱ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው። ቅርፊቱ እየተላጠ ስለሚወድቅ ነጣ ያለ ግራጫና ክሬም ቀለም ያሳያል። ቅጠሉም እንደ ሌላው ዛፍ ለምለም አረንጓዴ ሳይሆን ወደ አመድማ ሰማያዊ ያደላል። ዛፎቹ በረድፍ ስለሚቆሙ ከኋላዋ ሲደበዝዙ መጋረጃ የተሰቀለ ይመስላል። ጠዋት ጉም ካለ ደግሞ ምንም አትንኩ፤ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶላችኋል። እዚያ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚሄድ ብርዱ አይጣል ነው። ሞዴሏ ጋቢ ትያዝ። የቀዘቀዘች ልጅ ትከሻዋ ጆሮዋ ጋ ይደርሳል፤ ያንን ኤዲት አያወርደውም።

ችግሩ የሚመጣው ፀሐይ ከፍ ስትል ነው። በቅጠሉ መሀል የሚሾልከው ብርሃን ፊቷን እንደ ነብር ዥንጉርጉር ያደርገዋል። ግማሽ ጉንጭ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር። በዓይን ስታዩት ያምራል፤ ካሜራው ግን ዓይናችሁን አያህልም። ከ3 ሰዓት በኋላ ጫካ ውስጥ ከሆናችሁ ወይ ከጫካው ጫፍ ቁሙ፣ ወይ ነጠላ የመሰለ ጨርቅ ከበላይዋ ዘርግቶ የሚይዝ ሰው ይኑር። ጫፍ ስል ዛፉ ከኋላዋ ሆኖ እሷ ሰፊ ጥላ ውስጥ የምትሆንበትን ቦታ ማለቴ ነው። የጫካ ፎቶ ሁሉ ከጫካ ውስጥ መነሳት የለበትም።

ጽድና ወይራ ሌላ ጠባይ አላቸው። ጥቁር አረንጓዴ ናቸው፤ ብርሃን ይውጣሉ። ቀይ ለለበሰች፣ ነጭ ለለበሰች ልጅ አንደኛ ናቸው። ጠቆር ያለች ልጅ ጥቁር ልብስ ለብሳ ጽድ ፊት ከቆመች ግን ጸጉሯ የት ላይ እንደሚያልቅ አይታወቅም። እንዲህ ሲሆን ማታ 11 ሰዓትን ጠብቁና ፀሐይን ከኋላዋ አድርጉ። ጎፈሬ ከሆነች ዙሪያው እሳት የተለኮሰ ይመስላል። ለዚህ ዓይነቱ ፎቶ ከጨለማ ዛፍ የሚሻል ባክግራውንድ አላውቅም። ሹሩባ ለተሠራች ልጅ ግን ከኋላ የሚመጣ ብርሃን ብዙም አያደርግላትም። የሹሩባው መስመር የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው።

ሣርን ተጠንቀቁት። ፀሐይ የመታው ሣር አረንጓዴውን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ አገጭና አንገት የታመመ ሰው ያስመስላል። ሣር ላይ የምትቀመጥ ከሆነ ነጠላዋን ወይም ነጭ አንሶላ ፊት ለፊቷ አንጥፉ፤ ከፎቶው ክፈፍ ውጭ። አረንጓዴው ይሸፈናል፣ ነጩም ፊቷን ያበራዋል።

ጎዳና፣ የድሮውና የዘንድሮው

ፒያሳ እንደ ድሮው አይደለችም። በ2016 ዓ.ም. አብዛኛው አሮጌ ሰፈር ፈርሷል። የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች ፊት የተነሱ ፎቶዎች አሁን የታሪክ ሰነድ ሆነዋል። እኔም ያነሳኋቸውን ሁለት ቦታ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ ሃርድ ዲስክ ቢሞት ብዬ። ያው ከተማው ይቀየራል። አሮጌ በር፣ አሮጌ መስኮት፣ አሮጌ የሱቅ ሰሌዳ የምትወዱት ሰፈር ካለ ዛሬ ሂዱ። ቀጠሮ አታሳድሩበት።

አዲሱ ጎዳና ሌላ ነገር ይሰጣል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ንጹህ መስመር፣ ወደ ሩቅ የሚሄድ ረድፍ መብራት። ሱፍና ስኒከር፣ ዘመናዊ ልብስ፣ የብራንድ ሥራ ከሆነ ከጫካ ይልቅ ወደዚህ አዘነብላለሁ። ሞዴሏ ስትራመድ ለማንሳትም ቦታው አለ። የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ለዚህ ይመቻሉ፤ አግድም መስመሩ ብቻውን ያለ ሰውን አጉልቶ ያሳያል። ግን ጠዋት ማልዳችሁ ሂዱ። ስፖርተኛው ቀድሟችሁ ይገኛል፤ ከእሱ ጋር ተከባብሮ መሥራት ይቻላል። ከ3 ሰዓት በኋላ ግን ጥላ የለውም፤ ድስት ላይ የተጣደ ሰው ትሆናላችሁ።

የጎዳና ዋና ጠላቱ ሰው አይደለም፤ ትርፍ ነገር ነው። ከጭንቅላቷ የበቀለ የመብራት ምሰሶ። ከጆሮዋ የወጣ ሽቦ። ከትከሻዋ በላይ «የሚከራይ ሱቅ» የሚል ማስታወቂያ፣ ስልክ ቁጥሩ ከነሙሉው። ጽሑፍ ያለበትን ቦታ ዓይን ሳያነብ አያልፍም። ከመተኮሳችሁ በፊት እሷን ተዉና ዙሪያዋን ብቻ እዩ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብዙ ኤዲት ያድናል።

ማታ ማታ መንገዱ በኤልኢዲ ሲያሸበርቅ ሁሉም ስልኩን ያወጣል። መብራቱ ከሩቅ ሲደበዝዝ ያምራል። የሚያስቸግረው ፊቷ ላይ የሚያርፈው ነው፤ በአንድ በኩል አረንጓዴ፣ በሌላ በኩል ወይን ጠጅ። ነጭ መብራት ያለው የሱቅ መስኮት ፈልጉና ፊቷን ወደዚያ አዙሩ። የቀለሙ ጉድ ከኋላ ይቅር።

ከፍታና ሰማይ

ከእንጦጦ ቁልቁል አዲስ አበባን ማየት ልብ ያሞቃል። ለፖርትሬት፣ ማለትም ፊት ላይ ለሚያተኩር ፎቶ፣ ግን ብዙ ጊዜ ያሳዝነኛል። ከተማው ሩቅ ነው፤ ጭጋግ አለው፤ ፎቶው ላይ ግራጫ ንጣፍ ሆኖ ይቀራል። ሰማዩን ለማዳን ብርሃን ስትቀንሱ ፊቷ ይጨልማል። ፊቷን ስታወጡ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ፍላሽ ወይም የሚይዝ ሰው ያለው ሪፍሌክተር ከሌላችሁ ይህን ባክግራውንድ ለማታ 12 ሰዓት አካባቢ አስቀምጡት፤ የሰማዩና የፊቷ ብርሃን የሚቀራረበው ያኔ ነው።

በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ደቡብ ምዕራብ አጋድላ ነው። ከእንጦጦ ወደ ከተማው ስታዩ በቀኝ በኩል ከኋላዋ ትሆናለች ማለት ነው። ለጸጉር ጠርዝ ጥሩ ነው። ስስ ሸማ ለለበሰች ልጅ ግን አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሯት። ከኋላ የሚመጣ ፀሐይ በሸማ ውስጥ ያልፋል። እግሯ ከነቅርጹ ይታያል። የውስጥ ጉርድ ትልበስ። ይህን ኮምፒዩተር ላይ ማወቅ ለሁለታችሁም ያሳፍራል።

በክረምት ሰማዩ ደመና ሲሆን ብዙ ሰው ቀጠሮ ይሰርዛል። እኔ አልሰርዝም። ደመና ማለት ከተማው ሙሉ ጥላ ሆነ ማለት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ እንኳ የትም ቆማችሁ ታነሳላችሁ። ሰማዩን ራሱን ፎቶው ውስጥ አታስገቡት እንጂ። ነጭ ነው፤ ዓይን ይወስዳል።

ውሃና አበባ

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ምርጫ አለ። ውሃ ማታ ላይ የሰማዩን ቀለም ስለሚመልስ ወደ ሰማያዊና ብርቱካናማ የሚያደላ ለስላሳ ባክግራውንድ ይሰጣል። ለነጭና ለፈዘዝ ያለ ቀለም ልብስ ይሄዳል። ቀን ላይ ግን ብልጭልጩ ካሜራውን ያሳስተዋል። የሐይቁ መስመር አንገቷን እንዳይቆርጥ ጎንበስ ወይም ከፍ በሉ። ለግማሽ ቀን ሥራ ያን ያህል መንገድ ያዋጣል ወይ? ልብሱ ሦስት ከሆነና ማደር ከቻላችሁ አዎ። ለአንድ ፎቶ ከሆነ አይመስለኝም።

አደይ አበባ መስከረም ላይ ብቅ ብሎ ሳንጠግበው ይሄዳል። ቢጫ ከባድ ቀለም ነው፤ ወደፊት ይመጣል። ነጭ ቀሚስ ከአደይ ጋር የታወቀ ነው፤ ስለዚህም ሁሉም አለው። ሰማያዊ ልብስ ሞክሩ። ሞዴሏም አበባው መሀል ትግባ፤ ጥቂት አበባ ከካሜራው ሌንስ ፊት ይደብዝዝ። ከአበባው ፊት ቆሞ መነሳት የትምህርት ቤት ሽልማት ይመስላል።

ልብሱ ይምረጥ

ሁለት አማራጭ ይዛችሁ ካልቆረጣችሁ ልብሱን ጠይቁት። ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ጠቆር ያለ ነገር ይፈልጋል፤ ጥቁር ድንጋይ፣ ጽድ፣ አሮጌ የእንጨት በር። ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ «በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ነጭ ግድግዳ ፊት ደግሞ ይብስበታል፤ ቀሚሱም ግድግዳውም አመድ ይሆናል። ስለዚህ በእጃችሁ ትንሽ ብርሃን ጨምሩለት፣ የጥለቱን ዝርዝር እያያችሁ። ጥለቱ ብዙ ቀለም ካለው ባክግራውንዱ አንድ ቀለም ይሁን። ጥለቱ ነጠላ ቀለም ከሆነ፣ ለምሳሌ አረንጓዴ ብቻ፣ ያው አረንጓዴ ከሩቅ ደብዝዞ ቢገኝ ደስ ይላል።

ጥቁር ልብስ ከግራጫ፣ ከዝገት፣ ከፈዘዘ ቢጫ ጋር ይስማማል። ጂንስና ነጭ ቲሸርት የትም ይሄዳል። ጠይም ልጅ ከጭቃ ግድግዳና ከቡናማ አፈር ፊት ስትቆም ቀለሟ ከኋላው ጋር ይዋሃዳል። ሆን ተብሎ ከተሠራ ያምራል፤ ሳይታሰብ ከሆነ ግን ፎቶው ሞቷል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ደማቅ ሻሽ ወይም ትልቅ የብር ጉትቻ ፊቷን ያድናል።

ርቀት እንጂ ሌንስ ብቻ አይደለም

«ባክግራውንዱ ብለር ይሁንልኝ» ሲባል ሁሉም ስለ ሌንስ ያወራል። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8፣ ማለትም በሰፊው ተከፍቶ፣ ቆንጆ ነው፤ አልክድም። ግን 85ቱን ይዛችሁ ሞዴሏን ከአጥሩ ጋር ብታጣብቋት ምንም አይደበዝዝም። ተራውን 50 ሚሊ ሜትር ይዛችሁ እሷን ወደ እናንተ ብታቀርቡና ዛፉ 15 ሜትር ከኋላ ቢሆን ይደበዝዛል። ለእሷ ቅርብ፣ ከኋላው ሩቅ።

በስልክ የምታነሱ ከሆነ ወደኋላ ሸሽታችሁ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ዙም ባለው ሌንስ አንሱ፤ ሰፊው ሌንስ አፍንጫ ያሳብጣል። ከኋላ ያለውን የሚያደበዝዘውን የስልኩን ፖርትሬት ሞድ ደግሞ በጸጉሯ ፈትኑት። ዝርግ ጸጉርን ያውቃል። ጎፈሬ ሲያይ ግራ ይጋባል፤ ጠርዙን በመቀስ የተቆረጠ ያስመስለዋል፣ በተለይ ከኋላዋ ቅጠል ካለ። ጎፈሬን በስልክ ለማንሳት ባዶ ግድግዳ ይሻላል። እንደገና ወደ ግድግዳ ተመለስኩ።

ጥበቃውን ቀድሞ ማናገር

የመጨረሻው ማነጻጸሪያ ማን ያባርረኛል የሚለው ነው። ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲና ወታደራዊ ግቢ አካባቢ ካሜራ አታውጡ፤ ድርድር የለውም። ፓርኮች ለትልቅ ካሜራ ወይም ለሙያ ሥራ የራሳቸው አሠራር ሊኖራቸው ይችላል። ከበሩ ላይ ከመከራከር አንድ ቀን ቀድማችሁ ደውሉ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ ካህናቱን አስፈቅዱ፤ የሚጸልይ ሰው ባክግራውንድ አይደለም።

አንዴ አንድ ግቢ በር ላይ ሳናስፈቅድ ጀመርን። ያማረ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ጥበቃው መጣና አባረረን፤ ስንጨቃጨቅ 11 ሰዓት ተኩሉ አለፈ፣ ብርሃኑም ሄደ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

በሌላ ቀን ሌላ ሰፈር፣ የተማርኩትን ይዤ፣ ቀድሜ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እዚህ ግድግዳ ፊት አሥር ደቂቃ ብቻ ፎቶ ብናነሳ?» አልኳቸው። ግድግዳውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እዚያ አትቁሙ፤ አሁን ፀሐይ ይመጣበታል። ወንበሬ ያለበት ጋ ይሻላችኋል። እኔ ዓመቱን ሙሉ እዚህ ነው የምውለው።»

ወንበራቸውን አነሱልን። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰፈር ስደርስ ካሜራዬን ሳላወጣ የዘበኛው ወንበር የት እንዳለ አያለሁ።